አልበሙን ተዉትና ካታሎጉን አምጡ

የወንበር መጽሐፍ እሰበስባለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ወንበር ይቀመጡበታል እንጂ ያነቡታል እንዴ? ይሳቁ። የዛሬው ጠቤ ከሚስቁብኝ ጋር ሳይሆን ከእኔው ቢጤዎች ጋር ነው። ስለ ዘመናዊ የቤት ዕቃ፣ ስለ ቤት ውስጥ አደረጃጀትና ስለ ጌጥ ሥራ መጻሕፍት የምንሰበስብ ሰዎች በዚህ ከተማ እፍኝ አንሞላም። ያችው እፍኝ ደግሞ ገንዘቧን የምታፈሰው በማይገባው መጽሐፍ ላይ ነው።

እስቲ ሰብሳቢ ነኝ ከሚል ሰው ቤት ግቡ። ጠረጴዛው ላይ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ፣ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ አልበም ተጋድሞ ታገኛላችሁ። አንዱ ወዳጄማ ሶፋው ግራጫ ስለሆነ ጀርባቸው ግራጫ የሆነውን ብቻ መርጦ ገዝቷል። ሁለቱ ከነላስቲካቸው ናቸው። ስለ ቤት ማስዋብ የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ የቤት ማስዋቢያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይህን ስለው ተቀይሞኛል፤ ይቀየም።

እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ላይ አንድ ትልቅ አልበም ለመግዛት የቤት ኪራዬን ሳምንት አሳድሬአለሁ። ውስጡ የነበረ አንድ ወንበር ልቤን ስለወሰደው ተሸክሜው ወደ ሰፈራችን አናጢ ሄድሁ። ሽማግሌው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ ይኼ ፎቶ ነው። ልኩ የታለ?» አሉኝ። ፈለግን። ወንበሩ በመስኮት ብርሃን ተነሥቷል፤ አጠገቡ የአበባ ማስቀመጫ አለ፤ የሠሪው የሕይወት ታሪክም ሦስት ገጽ ይዟል። የመቀመጫው ከፍታ ግን የለም። እግሩ ከመቀመጫው ጋር በምን እንደተያያዘ አይታይም። ሽማግሌው መጽሐፉን ዘግተው «ደግ ነው፤ ያምራል» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

መልሱን ያገኘሁት በኋላ፣ ከአንድ ቢሮ ከተጣለ ወረቀት መካከል ባነሣሁት የፋብሪካ ካታሎግ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሴንቲሜትር ተጽፎለታል። ሽማግሌው እሱን አልመለሱልኝም፤ አሁንም ከመላጊያቸው ጎን ነው።

ለመሆኑ ዘመናዊ የምንለው የቤት ዕቃ ከየት መጣ? ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣውን ወንበር አስቡ። በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት የተሠራው ያ የቡና ቤት ወንበር የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ 14 ቁጥር። ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ አሥር ብሎን፣ ሁለት ዳዶ፤ አለቀ። ተፈታትቶ 36ቱ አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህን ወንበር ከአገር አገር ያዞረው አልበም አይደለም፤ ደንበኛ ቁጥሩን አይቶ የሚያዝዝበት ካታሎግ ነው። የ1904ቱ የቶኔት ካታሎግ በ1980 በርካሽ ሽፋን እንደገና ታትሟል። እኔ ያለኝ እሱ ነው፤ በዚያ በገዛሁት አልበም ዋጋ አሥር ይገዛ ነበር።

ሰብሳቢ ሁሉ የሚሰግድለት የቶማስ ቺፐንዴል መጽሐፍስ? በ1754 ለንደን ላይ ሲወጣ 160 የሥዕል ገጽ የነበረው ይህ መጽሐፍ የአንድ ዕቃ ሠሪ መምሪያና የንግድ ማስታወቂያ ነበር። አስቀድመው ከተመዘገቡት ገዢዎች መካከል መኳንንት ብቻ ሳይሆኑ እንጨት ሠሪዎችም ነበሩበት። ዛሬ በመስተዋት ውስጥ የምናስቀምጠው ያኔ ከመጋዝ አጠገብ ይገለጥ የነበረውን ነው።

«ካታሎግ ማስታወቂያ ነው፤ ይዋሻል» ይሉኛል። ይዋሻል፤ ግን ነጋዴ መሆኑን ሳይደብቅ ነው። አልበሙም እኮ ይሸጣል፤ የሚሸጠው ምኞት ስለሆነ ነው ያልነቃንበት። እውነት ለመናገር አልበም የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ወንበሩን ከነክፍሉ፣ ከነምንጣፉና ከነመጋረጃው ያሳያል። ካታሎግ ያን አያሳይም። ለዚህ ሲባል መደርደሪያዬ ላይ አራት አልበም ይኑር እላለሁ፤ አርባ ግን ለምን?

ችግሩ ካታሎግ አይቆይም። በነጻ ይሰጣል፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጣላል። የስዊድኑ አይኬያ ካታሎግ በ1951 ተጀምሮ፣ በ2016 በ32 ቋንቋዎች 200 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2020 ድርጅቱ ኅትመቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ድርጅቱ የድሮዎቹን ሰብስቦ አስቀምጧል። እኛ ዘንድስ ማን ያስቀምጣል?

አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ2024 ታድሶ ሲከፈት የጥንቱ ወንበርና ጠረጴዛም አብሮ ታድሷል። እሰየው። ግን እሱ የአፍሪካ አዳራሽ ስለሆነ ነው። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ባለመስተዋት ቡፌዎች መንገድ ዳር ተደርድረው ዝናብ ሲጠብቁ አይቻለሁ። በዚሁ ከተማ ወርክሾፕ የተሠሩ ናቸው። እነዚያ ወርክሾፖች ለደንበኛ የሚያሳዩት ደብተር፣ በእርሳስ የተሣለ ልክ፣ የዋጋ ዝርዝር ነበራቸው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ያለ ሚስማር፣ ያለ ሙጫ በሦስት እግር የሚቆመው የጅማ በርጩማም በእኔ አልበሞች ውስጥ አንድም ቦታ ከነልኩ የለም። ሠላሳ ሰባት አልበም አገላብጬ ነው የምናገረው።

ስለዚህ ማስታወቂያዬ ይኸውና። አባቱ ወይም አያቱ የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው፣ የልክ ደብተራቸውን ወይም የዋጋ ዝርዝራቸውን ሣጥን ውስጥ ያገኘ ሰው በዚህ መጽሔት በኩል ይጻፍልኝ። በአንዱ ደብተር ሦስት አልበም እለውጣለሁ፤ ምርጫው የእሱ ነው። ግራጫ ጀርባ ያላቸውም አሉኝ።