ምች ያልሆነች ቁስል

የፈተና ሰሞን ኮተቤና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ምሳ ቀርቦለት ፊቱን የሚያጨፈግግ ተማሪ አይጠፋም። ከንፈሩ ውስጥ መሀሏ ነጭ፣ ዙሪያዋ ቀይ የሆነች ቁስል ወጥታለች፤ የሽሮው በርበሬ ሲነካት እንባ ታመጣለች። እናት ፍርድ ለመስጠት አይዘገዩም፦ «ምች ነው!» ዳማከሴ ከጓሮ ይቀጠፋል፤ ከሌለ ሾላ ገበያ ይኬዳል።

ሁለት ሕመም ተቀላቀለ። ምች የሚባለውን፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን፣ ቫይረስ ያመጣዋል፤ ይጋባል። አፍ ውስጥ ያለችው አትጋባም። የሰውነት መከላከያ የገዛ አፉን ሽፋን ሲያጠቃ የምትወጣ ናት፤ ትንሿ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትድናለች።

ለምን ፈተና ጠብቃ? በ1998 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ማሩቻና ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ላንቃቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቁስል አበጁባቸው፤ አንዴ በዕረፍት ወራት፣ አንዴ ፈተና 3 ቀን ሲቀረው። የፈተናዋ ቁስል በአማካይ 3 ቀን ዘግይታ ዳነች። በፈተና ሰሞን የፈጠነለት አንድም ተማሪ አልነበረም። እርግጥ በመሣሪያ የተበሳ ላንቃና በራሷ የወጣች ቁስል አንድ አይደሉም።

ዋናው ተጠርጣሪ ኮርቲሶል ነው። ይህ የጭንቀት ሆርሞን ምራቅ ውስጥ ስለሚገኝ መርፌ ሳያስፈልግ ጥጥ በማኘክ ይለካል። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሱ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያሻቅባል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይወርዳል፤ ሰዓቱ ያልተጻፈበት ናሙና ታዲያ ብዙም አይናገርም። ሲበዛና ሲቆይ ቁስል መጠገን የሚያስጀምሩትን የሰውነት መልእክቶች ያዳክማል። ደስ የሚለው ግራ መጋባት ደግሞ ይኸውና፦ ሐኪም ለዚህችው ቁስል የሚያዝዘው ትራያምሲኖሎን የተባለ ቅባት የኮርቲሶል የሥጋ ዘመድ ነው። አጥቂውን መከላከያ ያበርደዋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተፈታኝ «አትጨነቅ» ማለት የእንጦጦን ቁልቁለት የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ለምትወርድ ሴት «አይክበድሽ» እንደማለት ነው። እንቅልፉን ቢያስከብሩለት ይሻላል። በርበሬውንም ለጥቂት ቀን ቢቀንሱለት። ቁስሏ እየተመላለሰች ካስቸገረች የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት መኖሩን በደም ምርመራ ማየት ይቻላል። ሦስት ሳምንት አልፏት ያልዳነች እንደሆነ ግን ዳማከሴው ይቅርና የጥርስ ሐኪም ይያት።