ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር ያቃተው ቢሮ!

(ከሀና ማርያም)

አንባቢያን ሆይ፣ ዛሬ ስለ ዳኛ አላወራም። ዳኛ መስደብ ለምዶብናል፣ ቀላልም ነው። ግብ ፊት ቆሞ ኳሷን ወደ ሰማይ የሚልካት አጥቂም ለዛሬ ይረፍ። እኔ የመጣሁት አንድ ክርክር ይዤ ነው። ኳሳችን የሚሸነፈው ሜዳ ላይ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ነው። ማኅተም ሥር ነው። ማስረጃህስ? ካላችሁኝ ማስረጃው በሽ በሽ ነው!

እስቲ ሰኔ 2005ን እናስታውስ። ሰኔ 1 ቀን ዋልያዎቹ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጥታ በዚያው ውጤት ተሸኘች። ከተማው አበደ። ሰው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባንዲራ ለብሶ፣ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይጮህ ነበር። እኔም ድምፄ ጠፍቶ ነው ያደርኩት። ግና ደስታው ሌሊቱን እንኳ በቅጡ ሳያድር መርዶው ደረሰ፤ ፊፋ በዚያው ቀን ምርመራ መክፈቱን አሳወቀ። ለምን ቢባል፣ ምንያህል ተሾመ በቀደሙት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። ተሰለፈ። ፊፋም ውጤቱን ሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ሦስት ነጥብ ቻው!

ልብ በሉ፣ ሁለት ነው ያልኩት። ሃያ ሁለት አላልኩም። እዚህ ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ያለው ባለ ሱቅ የስንቱን ቤት ዱቤ በአንዲት የተቀዳደደች ደብተር ይዞ አንድ ብር አይስትም። የሀገር ፌዴሬሽን ግን ጸሐፊ እያለው፣ ኮምፒውተር እያለው፣ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ ተደርቦለት ሁለት ካርድ መቁጠር አቃተው። ጥፋቱን ራሱ ፌዴሬሽኑ አምኗል፤ ይኼ የኔ ሐሜት አይደለም። ተጫዋቹማ ምን አጠፋ? ግባ ተባለ፣ ገባ።

ደግሞ እኮ ልጆቹ በቢሮ የተነጠቁትን በላባቸው መለሱት። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። ከዚያ ናይጄሪያ መጣች። በጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ መርተን 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0 ደገሙን። እሱ ኳስ ነው። የተሻለው አሸነፈ፣ አለቀ። ለዚያ ሽንፈት ማንንም አልከስም።

ያ ቡድን ስለተባለው ሁሉ የኔን ፍርድ ልስጥ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው፣ በጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን የገጠመው እሱ ነው። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ በአስር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ስንቱ ነው እስከ ዛሬ ሳላዲንን በዚያች ፍጹም ቅጣት ምት የሚያማው! እኔ አላማውም። ቤልጂየም የተጫወተ፣ ግብፅ ሄዶ የአል አህሊን ማሊያ የለበሰ አጥቂ ስንት አለን? ሽመልስ በቀለስ? ግብፅ ውስጥ ዓመታት ሲጫወት ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ሰዓቱ የሚቆም ይመስል ነበር። ለእኔ ከዚያ ትውልድ ቁጥር አንዱ እሱ ነው፤ የጌታነህ ከበደ ደጋፊዎች ቅር ይበላችሁ። በርግጥ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አንገዋሎናል፣ ናይጄሪያም 2 ለ 0። ተከላካዮቻችን አየር ላይ ኳስ ሲመጣ ይጨነቁ ነበር። ይህን መካድ አልችልም። ይህ ግን በሥልጠና የሚታረም በሽታ ነው። የቢሮው በሽታ ነው መድኃኒት ያጣው።

ከዚያ በፊትስ ምን ነበር? ፌዴሬሽኑን ማን ይምራ በሚል ሲጓተቱ ፊፋ በሐምሌ 2000 አገደን። በመስከረም 2001 ደግሞ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰረዘን፤ የተጫወትናቸው ጨዋታዎችም እንዳልነበሩ ተቆጠሩ። ይኸውም አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ላዘጋጀችው ዓለም ዋንጫ ነው እንግዲህ! በእግር አይደለም የወጣነው። በወንበር ነው።

ይህ ይበልጥ የሚያንገበግበው ለምን መሰላችሁ? እኛ ለአፍሪካ ኳስ ያዋጣነው ትልቁ ነገር አስተዳዳሪ ነበር! ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የቅዱስ ጊዮርጊሱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዋንጫ ያነሳውን ቡድን መርተው፣ ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስኪሞቱ ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከስፖርቱ ዓለም ለማስወጣት ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ናቸው። በ1954 የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀብሏል። አህጉር ያስተዳደረ ሰው ያፈራች አገር ዛሬ ካርድ ቆጣሪ ታጣ? ወይ ጉድ!

ወደ ስታዲየሙ ልለፍ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። እንዲህ ያለ ድል ስንት ዓመት ይጠበቃል? ጨዋታው «በሜዳችን» ነበር። ሜዳችን የት ነበር? ሊሎንግዌ! ማላዊ! ካታንጋ የለ፣ ሚስማር ተራ የለ፣ ዳፍ ትራክ የለ፣ ከማን አንሼ የለ። ካፍ ስታዲየሞቻችሁ ደረጃ አያሟሉም ስላለን ለዓመታት በሰው አገር ሜዳ ስንከራይ ከረምን። በኅዳር 2016 ሴራሊዮንን «አስተናግደን» ሞሮኮ ኤል ጃዲዳ ላይ ነበር። በጥቅምት 2017 ጊኒን «አስተናግደን» አቢጃን ላይ ተሸነፍን። አሁን ይኼን ስሙ፤ በዚያው በጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ እኛ እናዘጋጅ የሚል ጥያቄ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀረበ። አንድ ጨዋታ የምታስተናግድበት ቤት ሳይኖርህ ለአህጉር ድግስ መጥራት! ለነገሩ የ2020ውን የቻን ውድድር ተሰጥቶን ስላልተዘጋጀን በ2011 ተነጥቀን ለካሜሩን ተላልፏል። የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በ2008 ሲጀመር 62 ሺህ ሰው ይይዛል ተባለ። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሆኖ እንኳ ስታዲየሙ አላለቀም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ!

ክለቦቻችንስ? እኔ የቡና ደጋፊ ነኝ፤ አልደብቅም። ቡና በ1990 አል አህሊን ከአፍሪካ ውድድር ያስወጣ ክለብ ነው። ነገር ግን የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንዴ ብቻ፣ በ2003 ነው። ደጋፊውን በጩኸት የሚበልጠው የለም፤ ጩኸት ግን ዋንጫ አይሆንም። ጊዮርጊሶች ደግሞ በ2009 ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነዋል፤ ጠላቴም ቢሆኑ ሐቁን እነግራቸዋለሁ። የቀሩትን እዩ። አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት የሚበሉ ናቸው። ከንቲባ ሲቀየር ቦርድ ይቀየራል፣ ቦርድ ሲቀየር አሰልጣኝ ይባረራል፣ አሰልጣኝ ሲባረር አሥራ ምናምን ተጫዋች ይፈርማል። የውሃ ቧንቧ የሚጠግንበት ገንዘብ ያጣ ከተማ ለአንድ አማካይ የፊርማ ገንዘብ አያጣም። ሦስትና አራት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም ብሎ አቤት የሚል ተጫዋች ደግሞ ሞልቷል። ታዲያ የት ሄደ?

ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። የአምስት ዓመቱ ውል 68 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ጥሩ ነው፤ ልጆቻችንን ዓለም እንዲያይ አድርጓል። ግን ክለቦቹ ተሰብስበው ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ እየዞሩ ሲጫወቱ የአዲስ አበባ ደጋፊ ቡድኑን በአይኑ ሳያይ የውድድር ዓመት ያልፍበት ጀመር። እኛ ሀና ማርያም ሻይ አዘን፣ ተጠጋግተን፣ ሞቅ ሲልም ተጣልተን የገዛ ክለባችንን እንደ እንግሊዝ ክለብ በስክሪን አየን። ክለብና ሰፈር የተፋቱት ያኔ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ታዳጊ ካነሳን አቡበከር ናስርን መተው ነውር ነው። በ2013 ለቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እዚያ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበበትና ያሰብነውን አቡኪ ሳናይ ቀረን። «በቃ አልሆነለትም» ብሎ የሚያሾፍ ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ እሱን የሚተካ ሁለተኛና ሦስተኛ አቡበከር ከየት ይምጣ? አንድ ልጅ ሲጎዳ አገር ሙሉ አጥቂ የምታጣው መዝራት ስለተወች ነው። የሴቶቹ ንግድ ባንክ በ2017 እስከ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የመጨረሻ ውድድር ሲደርስ እንኳ በወንዶቹ የዝውውር ወሬ ተውጦ ቀረ።

ሰፈራችን በ2008 ክረምት መግቢያ ቤት ሲፈርስበት ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ስለ ኳስ ሜዳው ግን የጻፈ የለም። ልጆች ጨርቅ ኳስ ይዘው ይውሉበት የነበረው ገላጣ በቆርቆሮ ታጥሯል። አሁን የቀረው ሰው ሠራሽ ሳር የተነጠፈበት፣ በሰዓት የሚከራይ ሜዳ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ቦርጭ ለመቀነስ ለሚሯሯጡ ባለ መኪኖች። (ቦርጭ መቀነስ መጥፎ ነው አላልኩም።) እዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን አልጽፍም፤ በግራ እግሩ ሲመታ ግድግዳው የሚያዝን ይመስላል። አንድ ክለብ ሙከራ አለ ሲባል ሄደ። የተጠየቀው «ማን ላከህ?» ነው። ማንም አልላከውም። ኳስ ሳይነካ ተመለሰ። አሁን ባጃጅ ላይ ረዳት ነው። በሌላ በኩል ጢሙን ጠዋት ተላጭቶ ከሰዓት ከ17 ዓመት በታች የሚሰለፍ «ታዳጊ» እናያለን። የአጥንት ምርመራ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ልጅ ሊይዘው እንደሚችል እየታወቀ ይህን ወረቀት የሚፈርመው ማን ነው? ልጁ ነው? ቢሮው ነው!

አሰልጣኝ መቀያየሩንማ ተዉት። ሰውነት ቢሻው በ2006 ከተሰናበቱ ወዲህ ፖርቱጋላዊው ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ እያልን ስንቆጥር ከረምን። ሁሉም ሰነፍ ነበሩ ማለት ነው? አልጄሪያ በመጋቢት 2008 7 ለ 1 ስትገርፈን አሰልጣኙ ሄደ። ፈረደበት! ካርድ ያልቆጠረ፣ ስታዲየም ያላስጠገነ፣ ቻንን ያስነጠቀ ግን ስብሰባ ላይ ይታደማል፣ አበል ይቀበላል።

ፊፋ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዘመን ለየአንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ መድቧል። የኛው ድርሻ ምን ያህሉ ተወሰደ? ስንቱ ለሜዳ፣ ስንቱ ለታዳጊ፣ ስንቱ ለአውሮፕላን ትኬትና ለሆቴል ወጣ? ሂሳቡን በአማርኛ፣ ባለ ሱቁም ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ አውጡልን። ወረዳው ደግሞ ከታጠረው ገላጣ ግማሹን እንኳ ለልጆቹ ይመልስ። ሳር አንጠፉ አላልንም፤ አቧራውን ለምደነዋል። ፌዴሬሽኑም ሌላ ማጣሪያ ከመጀመሩ በፊት ቢጫ ካርድ የሚቆጥረውን ሰው ስም ትልቅ አድርጎ ጽፎ ከበሩ ላይ ይለጥፍልን።