ሐይቁ ጎደለ ማለት ብቻ አይበቃም

የዝዋይ ሐይቅ በጎደለ ቁጥር ወቀሳው ይነሣል። ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹ ዝናቡን ያማርራል፤ ከታች በቡልቡላ ወንዝ ራሱንም ከብቱንም የሚያጠጣው ደግሞ የላዮቹን ሞተሮች። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ሳይለኩ ይናገራሉ።

እንደሚታወቀው ዝዋይን የሚመግቡት መቂና ካታር ሲሆኑ፣ የተረፈው በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከላይ የቀረው ሁሉ እዚያ ይታያል። ከራሱ ከአቢጃታ ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ መቀዳቱ ሳይዘነጋ፣ ሐይቁ ለመሸሹ የላዩ መስኖም እጁ አለበት።

ወንዞቹንና የሐይቁን ከፍታ የሚለካ አለ። ሳይለካ የሚቀረው ሞተሩ የሚስበው ነው። የዝዋይ ስፋት 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከፍታው በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 4.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሄደ ማለት ነው። ነገር ግን ፀሐይ ብቻዋን በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ስለምታተን፣ ለዚህ 2 ቀን ይበቃታል። በሐይቁ ዳር የተተከለው ባለቁጥር ዘንግ የፀሐይንና የሞተርን ድርሻ ለይቶ አይነግረንም። ሞተሮችን መቁጠርም አያዋጣም፤ ጉልበታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሞተሮች እንደ ቱቦው ርዝመትና እንደ ዳገቱ የተለያየ ውሃ ይሰጣሉ።

ለመለካት በርሜልና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል በ20 ሰከንድ ከሞላ፣ ሞተሩ በሰከንድ 10 ሊትር፣ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ይሰጣል። አንድ ገበሬ 1 ሄክታር ሽንኩርት በየ3 ቀኑ 10 ሰዓት ቢያጠጣ 360 ሜትር ኩብ አፈሰሰ፤ ይኸውም 36 ሚሊ ሜትር ነው። ሽንኩርቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ የ3 ቀኑ 15 ነው። በቦይ የሚባክነው ተጨምሮበት 25 ቢሆን እንኳ 7 ሰዓት ይበቃው ነበር። የ3 ሰዓት ናፍጣ በከንቱ ተቃጠለ። (ሰርጎ የወረደው ውሃ ሁሉ ጠፋ አንልም፤ ከፊሉ ወደ ጉድጓዱና ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ማዳበሪያውንም ይዞ ነው።)

ገበሬው «ከተለካ ክፍያ ይመጣብኛል» ብሎ መስጋቱን እናውቃለን። ሥጋቱ አላግባብ አይደለም። ስለሆነም መዝገቡ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ እጅ ይቆይ፤ የልማት ሠራተኛውም የእያንዳንዱን ገበሬ ሳይሆን የማኅበሩን ድምር ብቻ ይውሰድ እንላለን። ልኬቱ በበጋው መጀመሪያ ይደረግ፤ ሐይቁ ሸሽቶ ቱቦ ሲቀጠል ሞተሩ የሚሰጠው ውሃ ስለሚቀንስ፣ ያን ጊዜ እንደገና ይለካ።