የሰው ቶንዶስ ለሰው፣ የውሻው ለውሻው

እጩ መምህራን በማደሪያ ክፍሎች በር ላይ በአንድ ቶንዶስ ተራ በተራ ጠጉር መቆራረጣቸው የሚመሰገን ልማድ ነው። ወጪ ይቀንሳል፤ መረዳዳትንም ያስተምራል። በዚያው ቶንዶስ የግቢያችንን ጨብራራ ውሻ መቁረጥ ከተጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ መልኩን ስለቀየረ ሐሳባችንን በዚህ ግድግዳ ላይ ልናሰፍር ወደድን።

በመጀመሪያ «ውሻ ደግሞ ጠጉር ይቆረጣል እንዴ?» ብለው ለሚስቁ መልስ አለን። ይቆረጣል፤ ሁሉም ግን አይደለም። በየመንደሩ የምናያቸው አብዛኞቹ ውሾች ጠጉራቸው አጭር ስለሆነ ብሩሽ ይበቃቸዋል። እነሱን በማሽን መቁረጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጠጉሩ እየረዘመ የሚቋጠር ውሻ ግን ካልተቆረጠለት ቋጠሮው ቆዳውን እየጎተተ ያሳምመዋል፤ ከሥሩ እርጥበት ይዞ ያቆስለዋል፤ ለቁንጫና ለመዥገርም መደበቂያ ይሆናል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ሌሊቱን ሲጠብቀን የሚያድር ፍጡር እንዲህ ሲሰቃይ ዝም ብሎ ማየት ለነገ መምህር አያምርም።

«ሙቀት ስለሆነ እስከ ቆዳው ይላጭ» የሚሉም አሉ። ይህ ውሻን በሰው መለካት ነው። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ በዋነኛነት የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ጠጉሩ ከፀሐይም ከብርድም ይከላከልለታል። ስለዚህ ማሳጠርና መላጨት ለየቅል ናቸው።

አሠራሩም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ጠጉሩ ይበጠራል፤ ቋጠሮው ይፈታል፤ ከዚያ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ቋጠሮው ሳይፈታ ከታጠበ ይብሱን ይጠብቃል፤ ቆሻሻ ጠጉር ደግሞ ምላጩን ያደነዝዛል። የሚቆረጠው ወደበቀለበት አቅጣጫ ነው። በብብትና በጭን ሥር ያለው ስስ ቆዳ በእጅ ወጠር ካልተደረገ በቀላሉ ይቆረጣል። ምላጩም ሲሠራ ስለሚግል በየጊዜው በራስ አንጓ ላይ ነክቶ ማየት፣ ከጋለም ማሳረፍ ይገባል። በሰው ማሽን ላይ የማበጠሪያው ቁጥር ሲጨምር የሚቀረው ጠጉር ይረዝማል፤ በእንስሳት ማሽን ምላጭ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥር 10 የሚያስቀረው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቁጥር 4 ወደ 9 ሚሊሜትር ያስቀራል። ይህን ሳያውቁ እጅን መሰንዘር ውሻውን ማስጨነቅ ነው።

ዋናው ቁም ነገራችን ግን ጤና ነው። ቆረቆርና ጭርት ከሚያመጡት ፈንገሶች አንዳንዶቹ ከውሻና ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። እንስሳው ምልክቱን ላያሳይ ይችላል፤ በማሽኑ ጥርሶች መካከል የቀረች ጠጉር ግን በሽታውን ልታሻግር ትበቃለች። ታዲያ በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሰው ራስ መመለስ ምን የሚሉት ንጽሕና ነው? ዛሬ በአንድ ሠልጣኝ ራስ ላይ የገባ ቆረቆር ነገ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ሕፃናት ዘንድ አብሮን ይሄዳል።

የእብድ ውሻ በሽታም አለ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለሰው ከሰጠ ወዲህ በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለሆነም ያልተከተበን ውሻ በግድ ይዞ መቁረጥ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። «እስቲ ይቆይ፣ እንየው» አይባልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሻው አስቀድሞ ይከተብ። ሳንቲም አዋጥተን ለእሱ የተለየ ማሽን እንግዛ፤ በቀለም ምልክት ይደረግበትና ለብቻው ይቀመጥ። ሲቆረጥም አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይቁረጥ፤ ውሻው ከፈራ ሥራው ይቁም። የጨረሰ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ተማሪ ከሰሌዳው ይልቅ መምህሩን ያነባል። ነገ በየገጠሩ ውሻ በድንጋይ የሚያባርር ልጅ ሲገጥመን «ተው!» ማለት ብቻ አይበቃም። ለእንስሳ ማዘንም፣ ንጽሕናን መጠበቅም በእኛ እጅ ሲሠራ ማየት አለበት። ያንን ደግሞ ከዚህ ግቢ ካልተማርነው ከየት ልናመጣው ነው?