ሌንሱ ረዘመ፣ ትዕግሥቱ አጠረ

በነሐሴ ወር በማራ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ከዋይልድቢስቱ ጩኸት በፊት የመኪና ሞተር ይሰማል። መኪኖቹ ከንጋት ጀምረው ወደ ወንዙ አፋፍ ይጎርፋሉ፤ አንዱ የሌላውን መስኮት እየጋረደ ይጋፋል፤ ከየጣሪያው ላይ ክንድ የሚያህሉ ሌንሶች ብቅ ይላሉ። በማዶ በኩል መንጋው ውሃውን እያየ፣ እየተጠጋ፣ እየሸሸ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በሰሜን ሰረንጌቲ የሆነው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ጎብኚዎች ከመኪናቸው ወርደው በወንዙ ዳር ተሰልፈው፣ መንጋው የሚሻገርበትን መንገድ በአካላቸው ዘጉበት። ምስሉ ዓለምን ዞረ፤ ቁጣም ቀሰቀሰ። በተከታዩ ወር የኬንያ መንግሥትም በበኩሉ ጎብኚ ከተፈቀደለት ቦታ በስተቀር ከመኪና እንዳይወርድ አሳሰበ።

በዚያ አፋፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ሳይዘጋጁ የመጡ ነበሩ ለማለት ያስቸግራል። «ለሳፋሪ ጉዞ የሚያስፈልጉ ነገሮች» እየተባለ በበራሪ ወረቀትና በጉዞ መጻሕፍት ላይ የሚታተመው ዝርዝር የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ እንዲያ መሰለፍ ይቻላል። ባትሪው ሊሞላ፣ ካርዱ ባዶ ሊሆን፣ ሌንሱ ሊወለወል ይችላል። ክሱም በዝርዝሩ ላይ ነው። ስለ መሣሪያ ሦስት ገጽ ይጽፍና ስለ ደኅንነት «ከመኪና አይውረዱ» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋል። ሁለቱን ነገሮች የማይተዋወቁ ይመስል ለየብቻ ማስቀመጡ ደግሞ የስሕተቱ ሥር ነው። በሳፋሪ ላይ ሰውን ወደ አደጋ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ በእጁ የያዘው ካሜራ ነውና፣ ስለ ካሜራ እየመከረ ስለ ርቀት ዝም ያለ መካሪ ግማሹን እውነት ደብቋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል ለዚህ ሻንጣ የተነገረ ይመስላል።

«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ነው። ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙም ጉዞ ብቻ ነው፤ ከናይሮቢ ተነሥቶ ሞምባሳ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰውም ሳፋሪ ላይ ነው። ቃሉን ከጠመንጃ ጋር ያጋቡት በቅኝ አገዛዝ ዘመን የመጡ አዳኞች ናቸው። ዛሬ ጎብኚው «አምስቱን ታላላቆች አየሁ» እያለ የሚቆጥራቸው አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ በዚህ ዝርዝር የገቡት ውበታቸው ተመዝኖ አይደለም፤ በእግር ተከትሎ ለመግደል አስቸጋሪና አደገኛ ስለ ነበሩ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከለከለች። ጠመንጃው ተሰቀለ፤ ዝርዝሩ ግን አልተቀደደም፤ የአዳኙ ጥድፊያም አብሮ ተወረሰ። በእንግሊዝኛ ጠመንጃ መተኮስና ፎቶ ማንሣት እስከ ዛሬ በአንድ ግስ ይነገራሉ። አማርኛ በዚህ ረገድ ጨዋ ነው፤ ፎቶ ይነሣል እንጂ አይተኮስም። ግሱ ጨዋ ሆኖ ሳለ ተናጋሪው በማራ ሜዳ ላይ እንደ አዳኝ ሲራወጥ መታየቱ ያሳዝናል።

ለመሆኑ አደጋው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በናይቫሻ ሐይቅ ዳር ከታይዋን የመጣ አንድ ጎብኚ ጉማሬ ፎቶ ለማንሣት ተጠግቶ ተነክሶ ሞተ። ናይቫሻ ጫካ አይደለም፤ ከናይሮቢ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የሆነ፣ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ለቅዳሜና እሑድ የሚወርዱበት ሐይቅ ነው። ጉማሬ ሣር በል ነው፤ ሰውን ሊበላ አይመጣም። ነገር ግን ሣር ለመጋጥ ከውሃ ከወጣ በኋላ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመን ማንኛውንም ነገር እንደ ጠላት ይቆጥራል። ከሐይቁ ዳር ሆኖ ጥሩ ፎቶ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቦታ ደግሞ በትክክል ያ ነው። በዚህ ረገድ ትልቅ ሌንስ ከተሸከመው ይልቅ ስልክ ብቻ የያዘው ያሰጋል። ሌንሱ አጭር ነውና በእግሩ ያስረዝመዋል። ይባስ ብሎ ከጎሽ ጋር አብሮ ለመታየት ጀርባውን ለጎሹ ይሰጣል።

ሰው ቢያንስ የመጣበትን ያውቃል። አቦሸማኔዋ ግን ማን እንደ ጋበዘባት አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በማሳይ ማራ አካባቢ የተካሄደ ጥናት፣ ጎብኚ በሚበዛበት ስፍራ የምትኖር አቦሸማኔ ከአንድ ወሊድ ራሱን እስኪችል የምታሳድገው በአማካይ 0.2 ግልገል እንደ ሆነ አሳይቷል። ጎብኚ በማይበዛበት ስፍራ ቁጥሩ 2.3 ነው። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ለዚህ ደግሞ መኪና ግልገል መግጨት አያስፈልገውም። አቦሸማኔ እንደ አንበሳ ሌሊትን አትጠብቅም፤ በአብዛኛው የምታድነው ቀን፣ ጎብኚው በሜዳው ላይ በሚዞርበት ሰዓት ነው። ሚዳቋ ላይ ዓይኗን ጥላ ስታደባ መኪና በመካከል ይገባል፤ ሚዳቋው ይነቃል። አንዴ ቀንቷት ብትጥል እንኳ የከበቧት መኪኖች ያስበረግጓትና ጥላው ትሄዳለች። ያን ቀን ግልገሎቹ ሳይበሉ ያድራሉ፤ ጎብኚው ደግሞ በየካምፑ እራቱን እየበላ ፎቶውን ያሳያል።

«ሾፌሩ ነው ያስጠጋን» የሚል መልስ የተለመደ ነው። ሾፌሩ ሕጉን ያውቃል። በማራ በአንድ አዳኝ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም፣ ከ25 ሜትር በታችም እንዳይቀርብ የሚያዝ ደንብ አለ። ነገር ግን ይህ ሰው ከወር ደመወዙ ይልቅ በጉርሻ የሚኖር ነው፤ የጉርሻው መጠን ደግሞ በመጨረሻው ቀን በጎብኚው ፊት ላይ ተጽፎ ይታየዋል። ከኋላው ሦስት ሰዎች «ትንሽ ጠጋ በል፣ ያኛው መኪና እኮ ቀድሞናል» ሲሉት ምን ያድርግ? እምቢ ቢል ጉርሻው ይቀርበታል፤ እሺ ብሎ ቢያዝ ቅጣቱን የሚከፍለው፣ ከፓርኩ የሚታገደውም እርሱ ነው። ጎብኚው ያኔ አውሮፕላን ላይ ነው። የሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የተንጠለጠለበትን ሰው በአንድ ፎቶ ምክንያት ከሥራው ጋር ማጋጨት ምን ዓይነት መዝናኛ ነው?

እርግጥ ነው፣ የተቃራኒው ወገን ክርክርም ባዶ አይደለም። ፓርክ የሚጠበቀው በጎብኚ ገንዘብ ነው፤ ካሜራም ከጠመንጃ በብዙ ይሻላል። ማሳይ ማራ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ከውጭ አገር ጎብኚ ለአንድ ቀን 200 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል። ይህን የከፈለ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አለመፈለጉ ይገባል። ይሁንና ገንዘቡ የመግቢያ ዋጋ ነው፤ የእንስሳው ዋጋ አይደለም። ጎሪላ ሊያይ ወደ ኡጋንዳ የሚሄድ ሰው 800፣ ወደ ሩዋንዳ የሚሄደው ደግሞ 1,500 ዶላር ይከፍላል። በዚያም ስምንት ሰው ሆኖ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ በ10 ሜትር ርቀት አንድ ሰዓት ብቻ ይቆማል። ከኮሮና በፊት 7 ሜትር የነበረው ርቀት ሲጨምር «ፎቶ ሊነሣ አይችልም» ብሎ ጉዞውን የሰረዘ ጎብኚ አልበዛም። ብዙ የከፈለው ሰው ብዙ ታግሦ መመለስ ከቻለ፣ ማራ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ መሣሪያውን ማዘጋጀት የሚጀምረው ርቀቱን ከመቀበል ነው። 25 ሜትር ላይ ለቆመ አንበሳ ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ዙም ሌንስ ይበቃል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በመኪና ውስጥ ቦታ ከማጣበብ በቀር አይረባም። የሚረባው ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ባዶ ከረጢት ነው፤ ናሮክ ከተማ ሲደርሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ባቄላ ወይም በቆሎ ሞልቶ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ማጋደም፣ ሌንሱንም በላዩ ማሳረፍ። ሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ መጠየቅ ግድ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ መኪና የሌንስን ዋጋ ሁሉ ያባክናል። ብዙዎች ፎቶአቸው የደበዘዘው ስላልተጠጉ ይመስላቸዋል። እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን እንደ ውሃ ያወዛውዘዋል፤ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ምስል በየትኛውም ሌንስ አይጠራም። መድኃኒቱ ጎሕ ሲቀድ መውጣት ነው። የማራ ንጋት ብርድ አለውና ጋቢ የያዘ አይጸጸትም።

ቀዩ አቧራ ሌላው ጠላት ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ መቀያየር አቧራውን ወደ ካሜራው ሆድ መጋበዝ ስለሆነ፣ የቻለ ሁለት ካሜራ፣ ያልቻለ አንድ ሌንስ ይዞ ይውጣ። አሮጌ መመሪያዎች «በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉት» ይላሉ። ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 ከልክለዋል፤ ምክሩን አምኖ የሚመጣ ሰው ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ ከሕግ ጋር ይጋጫል። ሌሶ ወይም ኪኮይ ይሻላል። ነጠላ ስስ ነውና አቧራ ያሳልፋል። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀሩ በናይሮቢ፣ በካምፓላም ሆነ በአሩሻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ እንደማይገባለት ቀድሞ ይወቅ። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንንሽ አውሮፕላን የሚበር ተጓዥ የሚፈቀድለት አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ ካሜራውም በዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ድሮን ያለ ፈቃድ የሚያመጣ ቢወረስበት አይታዘንለትም። ልብስ ላይ ሰማያዊና ጥቁር ቢቀር ደግ ነው፤ የፀፀ ዝንብ እነዚህን ቀለሞች ትወዳለች። ስለ ወባ ሐኪም ማማከር ከሌንስ መግዛት ይቀድማል፤ ይህንንም በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል የሚያትሙት ለምን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

ከዚህ የተማረው አመል ወደ አገር ቤትም ይሻገራል። በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፤ የሚያድነው ከጉድጓድ አፍ ላይ ፀጥ ብሎ በመጠበቅ ነው። ማራ ላይ በሩን ከፍቶ መውረድ የለመደ ሰው በሳነቴ መንገድ ዳርም ይወርዳል። እዚያ ደግሞ የሚከለክለው አንበሳ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ንጋት፣ መኪናው ከካምፑ ሳይነሣ፣ ለሾፌሩ ሊነገር የሚገባው ነገር አጭር ነው፦ «ከአምስት መኪና በላይ ካየህ እለፈው። አንጠጋም። ጉርሻህ በዚህ አይቀነስም።» ብዙ ሾፌሮች ይህን ከጎብኚ አፍ ሰምተው አያውቁም። ሲሰሙት መጀመሪያ ቀልድ ይመስላቸዋል፤ ከዚያ መሪውን ያዞሩና መኪና ወዳልደረሰበት፣ እነርሱ ብቻ ወደሚያውቁት ጥግ ይወስዳሉ።