ዳታው ከሶፍትዌሩ በላይ ዕድሜ ይኑረው

ሲ ፕላስ ፕላስ የሚወድ ተማሪ ስለ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ዳታቤዝ ሲማር «ይኼ ነገር ለሳይንስ የተፈጠረ ነው» ማለቱ አይቀርም። እኔም በሐሳቡ እስማማለሁ። በፊዚክስ ሙከራ አንድ የቅንጣቶች ግጭት ብዙ የቅንጣት ዱካዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ዱካ ደግሞ መሣሪያው የመዘገባቸው በርካታ ነጥቦች አሉት። ይህን ሁሉ በሰንጠረዦች በትኖ እንደገና በጆይን ከመልቀም፣ ፕሮግራሙ በሚያውቀው መልክ ማስቀመጡ ይቀላል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከዓመታት በኋላ ማን ያነበዋል?

በአሜሪካ የሚገኘው የስላክ ቤተ ሙከራ ለባባር ሙከራ የመረጠው ኦብጀክቲቪቲ የተባለውን የንግድ ዳታቤዝ ነበር። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1999 ዳታ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ2002 ክምችቱ ከ500 ቴራባይት አለፈ። ሆኖም ጥቂት ቆይቶ የግጭቶቹ መረጃ ሩት ወደሚባለው ሥርዓት ፋይሎች ተዛወረ። በአውሮፓው ሰርንም የኦብጀክቲቪቲ አገልግሎት ሊያበቃ ሲል፣ የኮምፓስና የሃርፕ ሙከራዎች 300 ቴራባይት ገደማ ዳታ ከውስጡ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። የስሎን የሰማይ ቅኝት ባለሙያዎችም በዚሁ ዳታቤዝ ጀምረው ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ዞረዋል። አስቀድሞ ያልታሰበ ጥያቄን በኤስኪውኤል በቀላሉ መጠየቅ ፈልገው ነበር።

ታዲያ ሰንጠረዥ አሸነፈ ማለት ነው? አይመስለኝም። ሩት ራሱ የሚያስቀምጠው የሲ ፕላስ ፕላስ ኦብጀክቶችን ነው፤ ልዩነቱ ኮዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ስለዚህ የኦብጀክት ሐሳብ አልወደቀም። ያስቸገረው የብዙ ዓመት ልፋትን አንድ ሻጭ ብቻ ቁልፉን በያዘው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ዳታው እያለ ማንበቢያው ከሌለ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

ስላክና ሰርን ዳታቸውን የሚያዛውር ባለሙያም ማሽንም ነበራቸው። እኛ ግን የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አስረክበን እንሄዳለን፤ የሰበሰብነውን ዳታ የሚያዛውርልን የለም። በመሆኑም የትምህርት ክፍላችን ሁለት ነገር ግዴታ ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ዳታው በማንኛውም ፕሮግራም በሚነበብ ክፍት ፎርማት፣ ለምሳሌ በኤችዲኤፍ 5 ወይም በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ተገልብጦ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ መስክ ትርጉምና መለኪያ በጽሑፍ ይያያዝ።

ዳታቤዙን እንደየሥራችን እንምረጥ፤ ከመግባታችን በፊት ግን መውጫውን እንወቅ።