በየ8 ሰዓቱ ወይስ በ8 ሰዓት?

ፋርማሲን የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። መስኮት ላይ የሚጠብቀን ሕመምተኛ ግን «ቲአይዲ» ቢሉት ምን ይገባዋል?

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ሆስፒታል ለአንዲት እናት አሞክሳሲሊን ሰጥቼ «በየስምንት ሰዓቱ ይውሰዱ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን «አልተሻለኝም» ብለው መጡ። ለካ በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ልክ በ8 ሰዓት ነበር የሚውጡት! ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት» ብያቸው፣ መልሰው እንዲነግሩኝም ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳቱ ነበር። መድኃኒቱ በአግባቡ ካልተወሰደ ጀርሞች እንደሚላመዱት ግን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ (ኤ ነው ያገኘሁት)።

ትምህርት ክፍላችን ለልምምድ ከመላኩ በፊት በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ለሕመምተኛ ማስረዳትን ቢፈትነን ምን አለበት? «ተማሪው ብዙ ነው» ይባል ይሆናል። ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ሕመምተኛ ሌላው ፋርማሲስት፣ እርስ በርስ እንፈታተን። መምህሩ ይታዘበን።